ቃል የሌለው ትዝታ

የሲኒማ ሥዕል ዓይንን ሲይዝ ሙዚቃው ልብን ይይዛል። ተመልካች ከአዳራሹ ወጥቶ ጥቂት እንደ ተራመደ የተዋናዮቹን ንግግር መርሳት ይጀምራል፤ ዜማው ግን ሳያስፈቅድ ተከትሎት ቤቱ ይገባል። ይህ የታወቀ ስለሆነ በሠለጠነው ዓለም ለአንድ ሲኒማ የተደረሱትን ወይም የተመረጡትን ዜማዎች ለብቻቸው አሰባስቦ በሸክላ ማውጣት የቆየ ልማድ ነው። ግጥሙንም ዜማውንም ራሳቸው የሚደርሱ ስመ ጥር ዘፋኞች ለአንድ ሲኒማ ሙሉ ሸክላ የሚሠሩበት ጊዜም ብዙ ነው። እኔ በዚህ ጽሑፍ ላወሳው የፈለግሁት ግን ዘፋኝ ሳይኖርበት፣ አንድም ቃል ሳይነገርበት፣ የአገራችንን ትዝታ ወደ ባዕድ ሲኒማ ስላስገባ አንድ ሸክላ ነው። ሸክላ ማለቴ ከልማድ ነው እንጂ፣ እጄ የገባስ እንደ ዘመኑ በፍላሽ ተገልብጦ ነው።

በ1997 ዓ.ም.፣ ማለት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2005፣ ጂም ጃርሙሽ የተባለው አሜሪካዊ የሲኒማ አዘጋጅ «ብሮክን ፍላወርስ» የሚል ሥራ አወጣ፤ ወደኛ ቋንቋ ሲመለስ «የተሰበሩ አበቦች» ማለት ነው። ሲኒማው በዚያው ዓመት በፈረንሳይ አገር በካን ከተማ በተደረገው ውድድር ግራንድ ፕሪ የተባለውን ሽልማት አገኘ። ከሲኒማው ጋር የወጣው የሙዚቃ ሸክላ አሥራ ሁለት ሥራዎች ያሉበት ሲሆን ከእነዚህ ሦስቱ የሙላቱ አስታጥቄ ናቸው፤ ስማቸውም «የግሌ ትዝታ»፣ «የከርሞ ሰው» እና «ጉብልዬ» ይባላል።

እኔ ያደግሁባትና ዛሬም የምኖርባት ሲሪንቃ ከመርሳ ወደ ወልዲያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች አነስተኛ ከተማ ናት። የሩቅ ሰው የሚያውቃት ይልቁንም በግብርና ምርምር ማዕከሏና ማዕከሉ በሚያወጣው የማሽላ ዘር ነው። ሲኒማ ቤት የላትም። ትምህርቴን እስከ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሼ በመዝገብ ቤት ሥራ ከገባሁ ወዲህ የውጭ ሲኒማ የማየው ወልዲያ የሚያስተምሩ አንድ ወዳጄ መምህር ለበዓል ሲመጡ ይዘውልኝ በሚመጡት ፍላሽ ነው። እርሳቸው ሙዚቃ ወዳድ ናቸው፤ የሚወዱትንም ነገር ሰው ሲወድላቸው ደስ ይላቸዋል። ይህንንም ሸክላ ከነሲኒማው ያመጡልኝ እርሳቸው ናቸው።

የሲኒማው ታሪክ ባጭሩ እንዲህ ነው። ዶን ጆንስተን የሚባል፣ በኮምፒዩተር ሥራ የበለጸገ፣ ዕድሜው የገፋ፣ ሚስት ያላገባ አንድ አሜሪካዊ አለ። ቢል መሪ የተባለው ተዋናይ ነው የሚጫወተው። አንድ ቀን በሮዝ ወረቀት ላይ በቀይ ቀለም በታይፕ የተጻፈ፣ ፊርማ የሌለው ደብዳቤ ይደርሰዋል። ደብዳቤው ከብዙ ዓመት በፊት ከአንዲት ወዳጁ የወለደው፣ ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሆነው ልጅ እንዳለው ይነግረዋል። ማን እንደ ጻፈችው አይታወቅም። ሰውየው ደብዳቤውን ጥሎ ከሶፋው ላይ ባይነሳ ደስ ባለው፤ ነገር ግን ጎረቤቱ አይለቀውም።

ይህ ጎረቤት ኢትዮጵያዊ ነው። ብዙ ልጆች አሉት፤ ከአንድ በላይ ሥራ እየሠራ ቤተ ሰቡን ያስተዳድራል፤ በትርፍ ጊዜውም የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ማንበብ ይወዳል። ስሙ ዊንስተን መባሉ ያስቃል፤ በሐብሩ ወረዳ ዊንስተን የሚባል ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። የሚጫወተውም ጄፍሪ ራይት የተባለ አሜሪካዊ ተዋናይ ነው። ይሁን እንጂ በስሙ የሳቅሁትን ያህል ጠባዩን ወደድሁት። ለባለጸጋው ጎረቤቱ የቀድሞ ወዳጆቹን አድራሻ ፈልጎ ያገኝለታል፤ የመንገዱን ካርታ፣ የአውሮፕላኑን ትኬት፣ የሚከራየውን መኪና ሳይቀር ያዘጋጅለታል። በመጨረሻም ለመንገድህ ይሁንህ ብሎ ሙዚቃ የተቀዳበት ሲዲ ይሰጠዋል። ዶን ጆንስተን በኪራይ መኪናው ከአንዷ ወደ ሌላዋ ሲጓዝ የሚሰማው ይህንኑ ሲዲ ነው፤ የሲዲው ዜማም የሙላቱ «የግሌ ትዝታ» ነው።

ወገኖቼ ይህን ልብ እንዲሉልኝ እፈልጋለሁ። በዚህ ሲኒማ ውስጥ ቤቱ የሞላው፣ ልጆቹ የከበቡት፣ ሚስቱ የምትስቅለት ኢትዮጵያዊው ነው። ባዶ ቤት ያለው ሌላው ነው። ስንቅ የሚሰጠው ኢትዮጵያዊው፣ ስንቅ ተቀባዩ ባለጸጋው ነው። የሲኒማው አዘጋጅ ይህን ለማስተማር ብሎ አላደረገውም፤ ማንም በዚያ ሲኒማ ውስጥ ስለ ኢትዮጵያ ንግግር አያደርግም። ነገሩ እንዲሁ እንደ ተራ ነገር ስለ ታለፈ ነው ይበልጥ የያዘኝ።

ሙላቱ አስታጥቄ በ1936 ዓ.ም. በጅማ ተወለደ። ወደ እንግሊዝ አገር የተላከው መሐንዲስ እንዲሆን ታስቦ ነበር፤ በዌልስ ከተማረበት ትምህርት ቤት የሙዚቃ ዝንባሌው ስለ ታየ ለንደን ገብቶ ሙዚቃ አጠና። ከዚያም ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በቦስተን ከተማ በበርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ከአፍሪካ የመጀመሪያው ተማሪ ሆነ። በ1966 በአውሮፓ አቆጣጠር በኒው ዮርክ የመጀመሪያ ሸክላዎቹን አወጣ። የእርሱ ሐሳብ አምስት ድምፅ ያላቸውን የአገራችንን ቅኝቶች ከአሥራ ሁለት ድምፅ ጋር በሚሠራው በጃዝ አቀነባበር ሳይሰባበሩ ማስቀመጥ ነበር፤ ስሙንም ኢትዮ ጃዝ አለው። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስለን። አምስቱን ድምፅ በብዙ ድምፅ ማጀብ ወጥ ላይ ውሃ እንደ መጨመር ነው፤ ጥቂት ካለፈ መረቅ ብቻ ይቀራል። ሙላቱ ሲጨምር የዜማውን ወፍራምነት አላቀጠነውም።

እነዚህ ሥራዎች በተቀዱበት ዘመን በአዲስ አበባ አምሃ እሸቴ ያቋቋሙት የሸክላ አሳታሚ ድርጅት ብዙ ዘፋኞችን ለሕዝብ ያሰማ ነበር፤ የሙላቱም «ኢትዮ ጃዝ» የተባለው ሸክላ በ1966 ዓ.ም. የወጣው ከዚያው ነው። ከዚያ ወዲህ አብዮቱ መጣ፤ የሰዓት እላፊው መጣ፤ የሌሊት ሙዚቃ ቤቶች ጸጥ አሉ። ሸክላዎቹም በየሰው ቤት አቧራ ለበሱ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ «ኢትዮፒክስ» በሚል ርእስ የዚያን ዘመን ሙዚቃ በተከታታይ ማሳተም ሲጀምር አራተኛውን ቁጥር ለሙላቱ ሰጠው፤ ይህም በፓሪስ የወጣው በ1998 በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ሦስቱ ዜማዎች ወደ ጃርሙሽ ሲኒማ የገቡት ከዚህ በኋላ ነው። እንግዲህ «የግሌ ትዝታ» ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ ሠላሳ ዓመት ያህል ተኝቶ፣ በፓሪስ በኩል አሜሪካ ደርሶ፣ ተመልሶ ሲሪንቃ ገባ ማለት ነው።

አሁን ስለ ዜማው ራሱ ጥቂት ልበል። ከሥር ባስ ጊታሩ አንዲት አጭር ሐረግ እየደጋገመ እንደ እግረኛ መንገደኛ ይራመዳል፤ አይቸኩልም፣ አይቆምም። ከበላዩ ሳክስፎኑ የዘፋኙን ቦታ ይዞ ዜማውን ይጀምራል። የወሎ አዝማሪ ስንኙን ከመጨረሱ በፊት ድምፁን ጎትቶ ትንፋሹን እንደሚያንጠለጥለው ሁሉ ሳክስፎኑም በሐረጉ ማብቂያ ላይ ይንጠለጠላል፤ ከዚያ በኋላ ቀስ ብሎ ይወርዳል። በሲኒማው ውስጥ ይህ ዜማ ቁርጥ ቁርጥ ሆኖ ነው የሚሰማው፤ መኪናው ሲቆም ይቆማል፣ ሲነሣ ይነሣል። በሸክላው ላይ ግን ሙሉውን ሳይቋረጥ ማድመጥ ይቻላል። ስለዚህ ሲኒማውን ያየ ሰው ሸክላውን ለብቻው እንዲሰማ እመክራለሁ። «የከርሞ ሰው» ጠንከር ያለ ነው፤ በዚሁ ስም የሚጠራ ተውኔት የጸጋዬ ገብረ መድኅንም አለ። «ጉብልዬ» ከሦስቱ ለኔ ሦስተኛው ነው፤ ሌላ ሰው ሌላ ሊል ይችላል።

በሸክላው ላይ ከእነዚህ ጋር የተሰለፉት የሌሎች ሥራዎች እጅግ የተራራቁ ናቸው። የማርቪን ጌይ የፍቅር ዘፈን አለ። ስሊፕ ከሚባለው ጓድ የተወሰደ፣ ጊታሩ እንደ ወፍጮ የሚያጓራ ሥራም አለ፤ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቱንም ጊዜ ቤተ ሰቡ እንድዘጋው ለምኖኛል። ከዚያ ቀጥሎ ደግሞ ፈረንሳዊው ገብርኤል ፎሬ ለሙታን ጸሎት የደረሰው ዜማ አንድ ክፍል ይመጣል። ይህን ስሰማ ከሙላቱ ጋር ለምን እንዳስቀመጡት ገባኝ። የፎሬ ዜማ የሄደውን ነፍስ ዕረፍት ይለምንለታል፤ ትዝታ ደግሞ የሄደውን ሰው ዕረፍት አይሰጠውም፣ ተመለስ ይለዋል። ሁለቱም ባዶ ወንበር ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ዜማዎች ናቸው።

የትዝታን ነገር ለወሎ ሰው መንገር ለዓሣ ስለ ውሃ መንገር ነው። ቢሆንም ለሌላ አገር አንባቢ ይጠቅም ይሆናል። የአገራችን ሙዚቃ ዋና ዋና ቅኝቶች አራት ናቸው ይባላል፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ። ከእነዚህ ሁለቱ ስማቸውን የወሰዱት ከወሎ ምድር ነው። ባቲ ከደሴ በስተ ምሥራቅ ያለች የገበያ ከተማ ናት። አምባሰል ደግሞ ከሐብሩ በስተ ደቡብ የሚዋሰነን አገር ነው፤ ማሪቱ ለገሠ በድምፅዋ ለመላው ኢትዮጵያ ያሳወቀችው አምባሰል ይኸው ነው። ትዝታም ቢሆን በየሠርጉና በየሐዘኑ ከአፋችን የማይለይ ነው። በኛ ዘንድ ትዝታ የአንድ ዘፈን ስም አይደለም፤ ቤት ነው ቢባል ይቀላል። ቤቱ የሁሉ ነው፤ የሚገባው ሰው ግን የየራሱን ሐዘን ይዞ ይገባል፣ ግጥሙን ራሱ ያወጣል።

ወዳጄ መምህሩ የተቆጡት በዚህ ነጥብ ላይ ነው። «ተመልከት» አሉኝ፣ «ሸክላው ላይ የሙላቱ ስም አለ፤ ወሎ የሚል ቃል ግን የለም። ዜማው የጋራ ሲሆን የግሌ የሚል ስም ተሰጠው። ዓለም ሲያደንቅ የሚያደንቀው አንድ ሰው ነው፤ ቅኝቱን ያቆዩት አዝማሪዎች የት አሉ?» አሉኝ። ነገሩን በቀላል የሚታለፍ አድርጌ አላየሁትም። እንዲያውም ከዚያ ወዲህ በ2010 በአውሮፓ አቆጣጠር ናስ የተባለው የአሜሪካ ራፐር ከዴሚየን ማርሊ ጋር ባወጣው ሥራ ውስጥ ይኸው «የግሌ ትዝታ» ተቆርጦ ገብቶ እንደ ገና ዓለምን ዞሯል። በየዙሩ ቅኝቱ ከአገሩ ስም እየራቀ ይሄዳል የሚለው የመምህሩ ስጋት እውነትነት አለው።

በሕግ በኩል ሲታይ መልሱ አጭር ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ዐዋጅ፣ ቁጥር 410፣ ለደራሲው በሕይወት ዘመኑና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት በሥራው የመጠቀም መብት ይሰጠዋል። ሙላቱ ያቀነባበረው የሙላቱ ነው። ቅኝቱ ግን የማንም ንብረት አይደለም፤ እንደ መንገድ ነው። በመንገድ ላይ የሄደ ሰው አካሄዱ የራሱ ይሆናል እንጂ መንገዱን ጠቅልሎ ቤቱ አይወስድም።

ከሕጉ ይልቅ እኔን ያሳመነኝ «የግሌ» የምትለው ቃል ናት። መምህሩ ቃሏን እንደ አጥር አዩዋት። እኔ እንደ ትሕትና አየኋት። ሙላቱ የጅማ ተወላጅ፣ በዌልስና በቦስተን የተማረ ሰው ነው፤ ትዝታን ሲሠራ «ይህ የወሎ ትዝታ ነው» ብሎ ቢጽፍበት ኖሮ ይልቁንም ያን ጊዜ እቆጣ ነበር። የወሎውን ለወሎ ትቶ የኔን ልበል አለ። እያንዳንዱ የሲሪንቃ እረኛም ሲያንጎራጉር የሚያደርገው ይህንኑ ነው። መምህሩ በዚህ አልተስማሙም፤ ሸክላው ላይ የቅኝቱ አገር በአንድ መስመር ሊጻፍ ይገባው ነበር ባሉት ግን ከልቤ ተስማምቻለሁ። አንድ መስመር ብዙ ቀለም አይፈጅም።

ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። የውጭ ሰው ካሜራ ይዞ ወደ ወሎ ሲመጣ ምን ይዞ እንደ ተመለሰ ሁላችን እናውቃለን። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ የወሎን ረኃብ የሚያሳይ ፊልም በአገሩ አሳየ፤ ይኸው ፊልም ከንጉሡ የግብዣ ሥዕል ጋር ተቀጣጥሎ በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግስቱም ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ደግሞ ማይክል በርክና ካሜራ አንሺው ሞሐመድ አሚን ያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ከነበረችው ከኮረም የላኩት ሥዕል ዓለምን አስለቀሰ። ከዚያ በኋላ ዘፈኖች መጡ። የእንግሊዝ ዘፋኞች ተሰብስበው ያወጡት ዘፈን ስሙ ራሱ የልደት በዓል መሆኑን ያውቁ ይሆን እያለ ስለ እኛ የሚጠይቅ ነው፤ ይህን የጠየቁት የላሊበላ ልደት ከሚከበርበት ከወሎ ሰዎች ነው! ገንዘቡ ግን እህል ሆኖ ነፍስ አድኗል፤ ይህን የሚክድ የለም፣ እኔም አልክድም።

ከሁሉ ይልቅ በልቤ የቀረው በሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደንና በፊላደልፊያ በተደረገው ታላቅ ኮንሰርት ላይ የታየው አጭር ፊልም ነው። የካናዳ ቴሌቪዥን ሰዎች የረኃቡን ሥዕል ዘ ካርስ ከሚባለው የአሜሪካ ጓድ ዘፈን ጋር አቀናብረውት ነበር። የዘፈኑ ስም «ድራይቭ» ነው፤ መንዳት ማለት ነው። ዘፈኑ ለኛ የተደረሰ አልነበረም፤ ስለ አንዲት የተከፋች ሴት የተዘፈነ የፍቅር ዘፈን ነው። ከሥዕላችን ጋር ስለ ገጠመ ተመልካቹ አለቀሰ፤ እርዳታውም በዛ። እኛ በሥዕሉ ውስጥ ነበርን፤ ድምፃችን ግን አልነበረም። በዚያ ፊልም ላይ ከወሎ የተሰማ አንድም ዜማ የለም።

እናቴ ያን ጊዜ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። እህል ከሚታደልበት ጣቢያ ከአያቴ ጋር ሁለት ወር ተቀምጣለች። ስለዚያ ጊዜ ስትናገር ስለ ካሜራው አትናገርም፤ ፈረንጆች መኖራቸውን እንኳ ስንጠይቃት ነው የምታስታውሰው። የምትናገረው ማታ ማታ በድንኳኑ ውስጥ አንዲት የራያ ሴት ታንጎራጉር እንደ ነበረና፣ ሌሎቹም ሴቶች ተራ በተራ ግጥም ይሰጧት እንደ ነበረ ነው። በረኃብ ጣቢያ ትዝታ ይዘፈን ነበር ብል የሚያምነኝ አንባቢ ይኖር ይሆን? ወሎዬ የሆነ ያምነኛል።

እንግዲህ ከ1977 እስከ 1997 ዓ.ም. ሃያ ዓመት ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ስለ መንዳት የተዘፈነ የአሜሪካ ዘፈን በእኛ ሐዘን ላይ ተጫነ። በሁለተኛው ጊዜ አንድ አሜሪካዊ መኪና እየነዳ የጠፋ ልጁን ሲፈልግ ሐዘኑን ችሎ የተሸከመለት የእኛ ትዝታ ነው። ጃርሙሽ ይህን ዝምድና አስቦት ይሆናል ብዬ አልልም። ለኔ ግን ሸክላው በዋጋ የማይተመነው በዚህ ነው። ሌላው ሰው አዝኖልን ያውቃል፤ በኛ ዜማ ሲያዝን ግን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። የሚያሳዝን ሰው ሆኖ መታየትና ሐዘንን የሚያውቅ ሰው ሆኖ መሰማት አንድ አይደሉም።

ሸክላውን እቤት ያሰማሁት በኅዳር ወር ነው። ቤታችን ቀድሞ ሙዚቃ ነበረበት። ነፍሱን ይማረውና አባቴ በሣጥን የሚያስቀምጣቸው ሠላሳ ያህል ካሴቶች ነበሩት፤ ከ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ጦርነቱ አካባቢያችንን ባዳረሰ ጊዜ እኛ ሸሽተን ስንመለስ ሣጥኑም ቴፑም አልነበሩም። ስለዚህ ወደ ቤታችን ተመልሶ የገባው የመጀመሪያው ትዝታ በአሜሪካ ሲኒማ በኩል ዞሮ የመጣው ይህ ነው። እናቴ ደጅ ተቀምጣ ማሽላ በሰፌድ ታበጥር ነበር። ዜማው ሲጀምር ሰፌዱን አላቆመችም፤ ጥቂት ቆይታ ግን አበጣጠሯ ከባሱ ጋር መሄድ ጀመረ። ሳክስፎኑ አንድ ሐረግ ጨርሶ ሁለተኛውን ሲይዝ ቀና አለችና፣

«ግጥሙስ?» አለችኝ።

«ግጥም የለውም እማዬ፤ ዜማ ብቻ ነው» አልኋት።

«ማን ሞቶበት ነው?»

የሲኒማውን ታሪክ ነገርኋት። ሰውየው ልጁን ፍለጋ በየአገሩ እንደሚዞር፣ ከወዳጆቹ አንዷን መቃብሯ ላይ እንደሚያገኛት፣ በመጨረሻም በመንገድ ላይ ያየውን ወጣት ልጄ ነህ ወይ ሊለው ሲል ወጣቱ እንደሚሮጥበት አወራኋት።

«ኋላ አገኘው?»

«ሲኒማው ሳይነግረን ያልቃል።»

«ታዲያ ሳይነግራችሁ ምን ልታዩ ተቀመጣችሁ?» ብላ ሳቀችብኝ። ቆይታም «ግጥም ከሌለውማ የፈለግነውን እንበልበት» አለችና ዜማውን እንድመልሰው በእጇ አመለከተችኝ።

መለስሁት። በሳክስፎኑ ላይ በዝግታ ማንጎራጎር ጀመረች። ታናሽ ወንድሜ ከስድስት ዓመት በፊት በኦቦክ በኩል ባሕር ተሻግሮ ዐረብ አገር ገብቷል፤ ዛሬ በጂዛን በኩል ፍየል ይጠብቃል። ስሙን በግጥሟ ውስጥ አስገባችው። ምን እንዳለች እዚህ አልጽፈውም፤ የእርሷና የእርሱ ነው። ማለት የምችለው ቃላቱ ዜማው ላይ ሳይጎሉም ሳይተርፉም መቀመጣቸውን ነው፤ ሳክስፎኑ ትንፋሹን በሚያንጠለጥልበት ቦታ እርሷም አንጠለጠለች፤ ሲወርድም አብራው ወረደች። ዜማውን የሠራው ሰው ለዚህ ቦታ አስቀርቶላት የነበረ ይመስል ነበር። በበነጋው ለመምህሩ ይህን ባጫውታቸው ረጅም ጊዜ ዝም አሉ፤ ነገር ግን አሳባቸውን ቀየሩ አልልም፤ ሸክላው ላይ አንድ መስመር ይጻፍ ማለታቸውን እስከ ዛሬ አልተዉም።

ሁለተኛ ስታንጎራጉር ሳትነግረኝ ያወቀችብኝ ይመስለኛል፤ በስልኬ ቀዳሁት። ሁለት ደቂቃ ከጥቂት ነው፤ የሰፌዱ ድምፅም አብሮ ገብቷል። ማታውኑ ለወንድሜ ላክሁለት። እርሱ ባለበት ስልክ የሚይዘው ኮረብታ ላይ ሲወጣ ስለሆነ መልሱ የመጣው በሦስተኛው ቀን ነው። የሙዚቃው ባለቤት ማን እንደ ሆነ፣ ከየት ሲኒማ እንደ መጣ አልጠየቀም። «ሦስተኛው ስንኝ ላይ ነፋስ ገብቶበት አልተሰማኝም፤ እማዬ ደግማ ታውጣልኝ» ብሎ ነው የጻፈልኝ። በዚያ ሰሞን ማሽላው ይወቃ ስለ ነበር እናቴ ከአውድማው አልተመለሰችም፤ ስልኩን ይዤ ወደዚያው ወረድሁ።